ድንኳኑ የት ይተከላል?

የከተማ ንድፍ ተማሪዎች በሐሳብ የጀመሩትን ሰው ሊኖርበት ወደሚችል ፕላን እንዲያደርሱ ማስተማር ረጅምና አድካሚ ሥራ ነው። ከትምህርቱ ሁሉ በጥድፊያ የሚታለፈውም እሱ ነው።

ስቱዲዮው ጠዋት ላይ የሙጫና የካርቶን ሽታ አለው። ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች በከተር ተጫጭረዋል። ቁም ሣጥኑ ላይ ካለፉት ዓመታት የተረፉ ሞዴሎች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል፤ የአንዱ ድልድይ ወልቆ ወንዙ ውስጥ ወድቋል። አዲስ አበባ ውስጥ አርክቴክቸርና የከተማ ፕላን በሚማሩበት ግቢ ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍል አይጠፋም።

የዛሬው ተራ የአንዲት አራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሰሌዳው ላይ የሰካችው ትሬሲንግ ወረቀት ሦስት ክቦች አሉት፤ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። ሦስቱንም ወፍራም አረንጓዴ መስመር ያገናኛቸዋል። ከላይ በትልልቅ ፊደል «ትስስር» ተብሏል። ሳይቱ ቀበና ወንዝ ዳር ያለ ተዳፋት ሰፈር ነው። ወንዙ እንደተረሳ፣ የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ጀርባና ጀርባ ሆነው እንደሚኖሩ፣ አረንጓዴው መስመር ሁለቱን እንደሚያቀራርብ ታስረዳለች። አነጋገሯ ያምራል። ጓደኞቿ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጠጉራቸው የሸበተው መምህር እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «እዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከላል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ ማስመሪያ አነሡና አረንጓዴው መስመር ላይ አጋደሙት። የመስመሩ ስፋት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። «ስኬሉ ስንት ነው?» «አንድ ለአምስት ሺህ።» «እንግዲያው ይህ መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ስፋት አለው። ከሥሩ ስንት ቤት አለ?»

ተማሪዋ አላወቀችም። ሰሌዳው ላይ ያለውን መስመር ስትስለው ቤት አፈርሳለሁ ብላ አላሰበችም። ማርከሩ ነው ወፍራም የነበረው።

ሁለቱ ጫፎች

የከተማ ነዋሪ የዚህን ሥራ ሁለት ጫፎች ያውቃል። አንደኛው ጫፍ ንግግሩ ነው፦ ዘመናዊ፣ አረንጓዴ፣ ለነዋሪው ምቹ። ሁለተኛው በግንባታ አጥር ላይ የሚለጠፈው ባለቀለም ሥዕል ነው፤ ዛፉ ሁሉ ያደገ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ሰዎቹ ቀለል ብለው የሚራመዱ። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ «የኮሪደር ልማት» የሚለው ስም በየቤቱ ከገባ በኋላ ስለ እግረኛ መንገድና ስለ ብስክሌት መስመር ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይወራል።

በንግግሩና በሥዕሉ መካከል ያሉትን ወረቀቶች ግን ከባለሙያ በቀር የሚያያቸው ብዙ የለም። የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩት የኮንቱር መስመሮች አሉ፤ የይዞታ ወሰኖች አሉ፤ የፍሳሽ መውረጃው አቅጣጫ፣ መንገዱ ለሁለት ቢቆረጥ የሚታይበት ሴክሽን፣ የትኛው ቤት መጀመሪያ እንደሚነሣና ሰዎቹ እስከዚያ የት እንደሚቆዩ የሚያስረዳው ቅደም ተከተል አለ። ሐሳብ ወደ ቦታ የሚለወጠው እነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው።

ሕጉም ይህን ርቀት ያውቀዋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ለይቶ አስቀምጧል። መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማዋን አጠቃላይ አቅጣጫ ይወስናል፤ ዕድሜውም 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ደግሞ ያንን አቅጣጫ አንድ ሰፈር ድረስ አውርዶ በሜትርና በካሬ ይናገራል። ተማሪዋ ሰሌዳው ፊት የቆመችው በእነዚህ በሁለቱ መሐል ነው።

ማርከር ሲቀጥን

ይህን ለማስተማር የሚሞክሩ ሰዎች በአብዛኛው በስኬል ይጀምራሉ። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ተማሪው የመጀመሪያ ሐሳቡን በአንድ ለአምስት ሺህ ይሥላል። በሳምንቱ ያንኑ ሐሳብ በአንድ ለሺህ ደግሞ እንዲሥል ይታዘዛል፤ እዚህ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 10 ሜትር ነው። ከዚያ አንድ ለአምስት መቶ፣ በመጨረሻ አንድ ለሁለት መቶ። በእያንዳንዱ እርምጃ የቀደመው ሥዕል የማይመልሰው ጥያቄ ይመጣል። በአንድ ለአምስት ሺህ «መንገድ» የነበረው በአንድ ለአምስት መቶ የእግረኛ ጠርዝ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የጉሊት መደብ፣ የግቢ በር ይሆናል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል ወይስ ወደ ውስጥ? ዝናብ ሲመጣ ከበሩ ፊት የሚተኛው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ተማሪዎች እዚህ ላይ ይሰላቻሉ። አንዳንዱ ሐሳቤ ተበላሸብኝ ይላል። አንድ ወጣት መምህር እንደሚሉት ትምህርቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ሐሳቡ መሬቱን ሲነካ የሚቀየረው ስላልረባ አይደለም፣ መሬቱ የሚናገረው ነገር ስላለው ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ሴክሽን ነው። ፕላን ከተማን ከላይ እንደ አሞራ ያሳያል፤ አዲስ አበባን የመሰለች፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ ሜዳ የምትወርድና ወንዞች የሸነሸኗት ከተማ ግን ከላይ ብቻ ብትታይ ታሳስታለች። ወረቀት ላይ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ቤቶች በመካከላቸው ገደል ሊኖር ይችላል። በዚያው ስቱዲዮ ባሕር ዳር ያደገ ተማሪ መጀመሪያ ያቀረበው ፕላን ቀጥ ያሉ፣ እንደ ትውልድ ከተማው ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ነበሩት። ሴክሽን ቁረጥ ሲባል ከጎዳናዎቹ አንዱ መኪና ሊወጣው የማይችል አቀበት ሆኖ ተገኘ። ደሴ ያደገችው ጓደኛው ግን ሳትጠየቅ መንገዷን ከኮንቱሩ ጋር አጠማዝዛ ነበር። ልጅነቷን ሁሉ ውሃ ተሸክማ ዳገት የወጣች ልጅ ናት።



ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር

ለዚህ ትምህርት አዲስ አበባን የሚያህል ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ማንም ፕላን ብሎ ወረቀት አልዘረጋም። ሆኖም የቦታ አደረጃጀት ነበራት። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ተቀመጠ፤ መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው ዙሪያውን ሰፈሩ፤ በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ሸለቆ ወሰን ሆኑ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። ዛሬ ተማሪዎች ኮንቱሩን ሥለው የሰፈሮቹን ስም ሲጽፉበት የጥንቱ ሐሳብና መሬቱ እንዴት እንደተስማሙ ያያሉ።

ቀጥሎ የሚታየው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚየ የጣሊያንን መንግሥት ሥራ አገኛለሁ ብሎ አገሪቱን ረግጦ ሳያውቅ የከተማዋን ንድፍ ሣለ። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፍ ታላቅ መስመር ነበረው። ቀድሞ የነበረው ሰፈር በሥዕሉ ላይ የለም፤ መሬቱ ሰው ያልኖረበት ይመስላል። ንድፉ አልተሠራም። ተማሪዎች ከራሳቸው የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ጎን ሲያስቀምጡት ያለው መመሳሰል ያስደነግጣቸዋል።

ሥራው የተሰጣቸው ኢጣሊያውያኑ ጊዲና ቫሌ ደግሞ ሐሳባቸውን ቦታ አስያዙት። ሐሳቡ ነጭና ጥቁርን መለየት ነበር። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ የአገሬው ሰውና የጣሊያን ሰፈር በካርታ ተለያየ። መርካቶ ከዚያ የመነጨ ነው፤ ነጋዴው ግን ለመለያየት የተሰጠውን ቦታ አገር የሚገናኝበት ገበያ አደረገው። በክፍል ውስጥ ይህ ታሪክ ሲነሣ ዝምታ ይሰፍናል፤ የቦታ ፕላን የማንኛውንም ሐሳብ ትእዛዝ እንደሚፈጽም ተማሪዎቹ ይረዳሉ። የሚሥሉት መስመር ማንን ከማን እንደሚለይ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው።

ከነጻነት በኋላ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በለንደን የታወቀበትን የቀለበት መንገድና የመንደር አደረጃጀት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ደ ማሪየን የመሩት የፈረንሳይ ቡድን ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ባቡር ጣቢያው ወደ ለገሃር የሚወርደውን መስመር የከተማዋ አከርካሪ አደረገው። የቸርችል ጎዳና ማለት ነው። ይህን ምሳሌ መምህራን ይወዱታል፤ ምክንያቱም ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ከተማዋን የሚያስተዳድረው ቤትና ወደ ባሕር የሚያወጣው በር ይተያዩ። መሬቱም አግዞታል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ከላይ፣ ጣቢያው ከታች፤ ተዳፋቱ ዓይንን ይዞ ይወርዳል። ተማሪዎች ከላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ጽንሰ ሐሳብ የሚባለው ነገር ከእግራቸው ሥር ተዘርግቶ ያገኙታል።

ሁለት ሌሎች ምሳሌዎችም በየዓመቱ ይነሣሉ። አንዱ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በየሳይቱ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ናቸው። የነዳፊዎቹ ሐሳብ የነዋሪውን ኑሮ ያከበረ ነበር፦ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት በየሕንፃዎቹ መካከል ይቁም። ሐሳቡ ቦታ አግኝቷል። ይሁን እንጂ ከአራተኛ ፎቅ ቡኾ ተሸክሞ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቤቱን ማን እንደሚጠርግና ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር በፕላን አይታይም፤ በዚህም የተነሣ በብዙ ሳይት የጋራ ቤቶቹ ለሌላ አገልግሎት ሲውሉ ይታያል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ነው። በከተማ ካርታ ላይ ሁለት ጥሩ መስመሮች ናቸው፤ ከተማዋን በምሥራቅና በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ያገናኛሉ። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ግን ግራና ቀኙ ታጥሯል፤ ባሻገር ካለው ዳቦ ቤት ዳቦ ለመግዛት ዞሮ መሻገር ግድ ሆነ። በአንድ ለሃምሳ ሺህ ድልድይ የነበረው መስመር በአንድ ለአምስት መቶ ግንብ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

መጀመሪያ እግር

ተማሪዎቹ ሰፈሩን የሚያውቁባቸው ልምምዶች ከሦስት ሰዎች የመጡ ናቸው። አንደኛው፣ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ፣ ከባዮሎጂ ወደ ከተማ ፕላን የመጣ ሰው ነው። ፕላን ከማውጣት በፊት ጥናት ይቅደም የሚለውን መርሕ ሲያስተምር ኖረ። ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕንድ ከተሞች ሲሠራ የቅኝ ገዥዎቹ መሐንዲሶች ሰፈር አፍርሰው ሰፊ መንገድ ሊያወጡ ሲሉ እሱ በእግሩ እየዞረ ሌላ መንገድ ያሳያቸው ነበር፤ ይህች ባዶ ቦታ ትከፈት፣ ያ የፈረሰ ቤት ይነሣ፣ ዛፉ ይቆይ። ጉዳቱም ወጪውም ያነሰ ነበር። የሙያ ሰዎች ይህን አሠራር በቁጥብነት ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ጋር ያመሳስሉታል።

አሜሪካዊው ኬቨን ሊንች በበኩሉ በቦስተን፣ በጀርሲ ሲቲና በሎስ አንጀለስ ነዋሪዎችን ከተማቸውን በአእምሯቸው እንዴት እንደሚይዙ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ መንገድ፣ ጠርዝ፣ ቀጣና፣ መገናኛና ምልክት ብሎ አምስት ነገሮችን ለየ። አዲስ አበቤ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ አድራሻ ሲጠየቅ የጎዳና ቁጥር አይናገርም፣ «ከማርያም ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ይላል። ተማሪዎች የሰፈሩን ሰው እንዲህ ያለ ካርታ በእጁ እንዲሥልላቸው ይጠይቃሉ። የሚመጣው ሥዕል ከሳተላይት ፎቶ ጋር አይመሳሰልም። የቦኖ ውሃው ትልቅ ሆኖ ይወጣል፤ ባለ ብዙ ፎቁ ሕንፃ ጭራሽ ይቀራል።

ሦስተኛው ልምምድ ከሮም ይመጣል። ጃምባቲስታ ኖሊ በ1748 እ.ኤ.አ. የሮምን ካርታ ሲያወጣ ቤቱን ሁሉ አጠቆረ፤ ጎዳናውን፣ አደባባዩን፣ የቤተ ክርስቲያኖቹን ውስጥ ሳይቀር ነጭ አድርጎ ተወ። ሰው ሊገባበት የሚችለው ሁሉ ነጭ ነው። ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ሳይት ሲሞክሩት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር። ጥቅጥቅ ካለው ሰፈር መካከል ዛፍ የሞላበት ትልቁ ነጭ ቦታ እሱ ነው። ሕዝብ የሚገናኝበት ቦታ የለም ብለው ሐሳባቸውን የጀመሩ ልጆች ለስንት መቶ ዓመት የተጠና የመገናኛ ቦታ ሥዕል በእጃቸው ይዘው ይቀመጣሉ፦ ደጀ ሰላም፣ ቅጥር፣ ዛፍ፣ ደወል።



የተዘለለው ወር

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜው ግን የለም። አንድ የስቱዲዮ ሴሚስተር ሲጀመር ሳምንታት በጽንሰ ሐሳብ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ሲያልቅ ደግሞ ሳምንታት በማሳመር ይበላሉ። መካከለኛው ወር፣ ሐሳቡ ኮንቱር ላይ የሚፈተንበት፣ ይጨመቃል። ሥራው በሚገመገምበት ጁሪ ላይ የሚጨበጨበው ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን አባብሶታል። ስኬችአፕ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሳጥን ማቆም የደቂቃ ሥራ ነው፤ አሁን ደግሞ በቃላት ያዘዙትን ሥዕል የሚያመጡ ሰው ሠራሽ አስተውሎቶች አሉ። ተማሪው «ትስስር» ብሎ ጽፎ በዚያው ሌሊት የተጠናቀቀ የሚመስል አደባባይ ማግኘት ይችላል። ሥዕሉ ውስጥ ሰው አለ፣ ፀሐይ አለች። ተዳፋት የለም። የማን መሬት እንደሆነም አይታወቅም። በአንድ ክፍለ ከተማ ፕላን ቢሮ የሚሠሩ ባለሙያ ከትምህርት ቤት አዲስ የሚመጡ ልጆችን ያደንቃሉ፤ ሶፍትዌር ላይ ፈጣን ናቸው ይላሉ። «ግን የወሰን ድንጋይ አሳየኝ ስለው ግራ ይገባዋል። አንድ ባለ ይዞታ ከሁለት ሜትር በላይ አልለቅም ሲል መንገዱን እንዴት እንደሚያጠማዝዘው አያውቅም። ያን እኛ ጋ ነው የሚማረው፣ በሰው ቤት ላይ።»

ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከባድ ክስ ነው፤ ተገቢም ነው። ስቱዲዮ የተፈለሰፈው ስህተት በካርቶን ላይ እንዲሠራ ነው። ካርቶኑን ዘልለን ከሄድን ልምምዱ ወደ ሰዎች ቤት ይተላለፋል።

በእርግጥ አገሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ወግ የሌለው አይደለም። ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኒክ ተቋም ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው ከመሠረቱ እጅና ግንባታ ላይ ያተኮረ ነበር። በአማራ ክልል ቡራ በምትባል ቦታ የስዊስና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች የሞከሯት ትንሽ ከተማም ለዚህ ትምህርት ትጠቀሳለች። መነሻ ሐሳቡ የዝናብ ውሃ ነው። ውሃው ከጣሪያ ከተጠራቀመ ቤቶቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ሰፊ ጣሪያ ይጋሩ ተባለ፤ ጣሪያው የቤቶቹን አቀማመጥ ወሰነ። አንድ ሐሳብ ደረጃ በደረጃ ወደ ሜትር ሲወርድ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ ብዙ ያገኛል።

ሰማንያ ደረጃ

ባለ አረንጓዴ መስመሯ ተማሪ በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ቀበና ወረደች። መጀመሪያ ብቻዋን፣ ከዚያ ሜትር ይዛ ከጓደኛዋ ጋር። ሦስተኛው ቀን ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው ምስር የሚለቅሙ እናት አገኘች።

«እማማ፣ እዚህ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የት ነው የሚተከለው?»

ሴትዮዋ በአገጫቸው ጠቆሙ። ሦስት መንገዶች የሚገናኙበት፣ ካርታ ላይ ስም የሌለው፣ ትንሽ ሜዳ መሳይ ቦታ ነው። «ከላይ የሞተም ከታች የሞተም እዚያው ነው፣ ልጄ። ሌላ ደልዳላ የት አለና? ሬሳ ሲወጣ ግን መከራ ነው። በዝናብ ጊዜ አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ ይህን ዳገት እንዴት ይውጣው?»

ተማሪዋ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ይህን ብቻ ነበር፦ ትስስሩ አለ፤ የጎደለው ደረጃው ነው።

ከሜዳዋ እስከ ላይኛው አስፋልት ያለው የከፍታ ልዩነት 12 ሜትር ሆነ። ማታ ስቱዲዮ ገብታ አሰላችው። የአንድ ደረጃ ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 80 ደረጃ ያስፈልጋል፤ ፒያሳ ያለውን ሰባ ደረጃን በዐሥር ይበልጣል። ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲሆን አንድ ለዐሥራ ሁለት ተዳፋት ብትሰጠው ማረፊያዎቹን ሳይጨምር 144 ሜትር መንገድ ይወጣዋል። ቀጥ አድርጋ ልታወርደው ቦታ የለም፤ ከኮንቱሩ ጋር ሦስት ጊዜ ብታጥፈው ግን ከስምንት ግቢዎች ደጃፍ ያልፋል፣ ከሁለት ፈራርሰው ከተተዉ ክፍሎች በቀር የሚነካው ቤት የለም። ቃሬዛ ተሸካሚዎች ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ስፋት ለማወቅ አራት ጓደኞቿን የስቱዲዮውን ጠረጴዛ አሸክማ ኮሪደሩ ላይ አስኬደቻቸው። መታጠፊያው ላይ ተጣበቡ። ማረፊያውን አሰፋችው።

በሚቀጥለው ማቅረቢያ ቀን ሰሌዳው ላይ የተሰካው ወረቀት አያምርም ነበር። ጥቁርና ነጭ፣ በእርሳስ፣ በአንድ ለአምስት መቶ። ክቦቹ ጠፍተዋል። ሜዳዋ በልኳ ተሥላለች፤ የድንኳኑ አራት ማዕዘን በነጠብጣብ መስመር ገብቶባታል። የክረምት ጎርፍ ወደ ድንኳኑ እንዳይገባ ከላይ በኩል ቦይ ተቆርጧል፤ ውሃው በደረጃው ጎን ወርዶ ወንዝ ይገባል። ቡናና ቆሎ ለምትሸጠው ሴት የደረጃው ሁለተኛ ማረፊያ ላይ ዛፍ ሥር መደብ ተትቶላታል። ከላይ አሁንም «ትስስር» ይላል፣ በትንንሽ ፊደል።

መምህሩ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሴክሽኑን ጠየቁ። ነበራት።

የመሠረት ካርታው

ይህን ሥራ ካያችሁ አንድ ጥያቄ ታነሣላችሁ፦ ሌሎቹ ለምን እንዲህ አልሠሩም? መልሱ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። አብዛኞቹ ተማሪዎች ትክክለኛ ኮንቱርና የይዞታ ወሰን ያለው የመሠረት ካርታ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ሴሚስተሩ ይጋመሳል። ያላገኘው ከኢንተርኔት ካርታ ቀድቶ ይሥላል፤ በተቀዳው ካርታ ላይ ደግሞ ዳገቱ በደንብ አይታይም፤ ዳገት የማይታይበት ወረቀት ላይ የተሣለ ፕላን የሚያበቃው በዚያው በወረቀቱ ነው።

የከተማና የክፍለ ከተማ ፕላን ቢሮዎች ይህን ሊያቃልሉት ይችላሉ። የነዋሪ ስም ሳይወጣ፣ ለትምህርት ብቻ የሚውል፣ የአንድ ሰፈር ኮንቱርና ወሰን የያዘ ፋይል ለአንድ ክፍል ተማሪዎች መስጠት ብዙ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቶቹም የተጨመቀውን ወር ይመልሱ፤ ጁሪዎቻቸው ከሥዕሉ ውበት በፊት ሴክሽኑን ይጠይቁ፤ የሰፈሩን አንድ ነዋሪም ከመምህራኑ ጎን ወንበር ሰጥተው ያስቀምጡ። ነዋሪው ደግሞ ሜትር የያዘ ልጅ ደጃፉ ሲመጣ አይባረው፤ ውሃው የሚተኛበትን፣ ሬሳ የሚወጣበትን፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ያሳየው። ይህ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የፕላን ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚሥለው መስመርም ያን ጊዜ በእውነተኛ ቤቶች ላይ ያልፋል።